የቁጥር ሩጫ፤ የጊጋኸርዝ ዘመን አጭር ታሪክ

የማናውቀውን ዕቃ ስንገዛ ቁጥር እንጠይቃለን። የስልኩ ካሜራ ስንት ሜጋፒክስል ነው? ባትሪው ስንት ነው? ሜሞሪው ስንት ጊጋ ይይዛል? ሻጩም ጠባያችንን ስለሚያውቅ ቁጥሩን አጉልቶ ከካርቶኑ ፊት ይጽፍልናል። መቼም የቁጥር ደግነቱ ይሄ ነው፤ 64 ከ48 እንደሚበልጥ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ታላላቆቻችን «ፔንቲየም ፎር» የሚለውን ስም እንደ ማዕረግ በሚጠሩበት ዘመን፣ ስለ ኮምፒውተር የሚጠየቀው ዋናው ቁጥር አንድ ነበር። ፍጥነቱ ስንት ነው? መልሱ በመጀመሪያ በሜጋኸርዝ፣ ኋላ ደግሞ በጊጋኸርዝ ይሰጥ ነበር። ያችን አንዲት ቁጥር ከፍ ለማድረግ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ዓመታት ሙሉ ተናነቁ። ዕቃ ሳይበስል አወጡ፣ ያወጡትን መለሱ፣ ፕሮሰሰሩን ለሥራው ሳይሆን ለቁጥሩ ብለው ነደፉ። በመጨረሻም ከሁለቱ የትልቁ ኩባንያ አለቃ መድረክ ላይ ተንበረከኩ። ለማጋነን ያልነው አይደለም፤ በእውነት ተንበርክከዋል። እንደርስበታለን።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ሩጫ ነው። ግራ እንዳትጋቡ፣ ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭብጨባው

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር እንወቅ። አንድ ኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ሜጋኸርዝ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ ጊጋኸርዝ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ። ምኑ ነው አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚሆነው? የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት።

ሕንጻ የሚሠራበት ቦታ እንሂድ። ከመኪና ላይ የሚወርደውን ብሎኬት ወደ ውስጥ ለማስገባት ሠራተኞች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ እንበል። አንዱ ጎን ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ባጨበጨበ ቁጥር ሁሉም በእጁ ያለውን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ እሱም ከበስተኋላው ያለውን ይቀበላል። ጊጋኸርዝ የሚባለው እንግዲህ የዚህ ጭብጨባ ፍጥነት ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም።

ታዲያ ግድግዳው ቶሎ የሚያልቀው ጭብጨባው በፈጠነበት በኩል ነው? የግድ አይደለም። አንደኛው ሰልፍ በአንድ ጭብጨባ አንድ ብሎኬት፣ ሌላው ግን ሁለት ሁለት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚያጨበጭበው ሊቀድም ይችላል። የሥራውን መጠን የሚያሳየን የሁለቱ ብዜት ነው፤ የጭብጨባው ፍጥነት ሲባዛ በአንድ ጭብጨባ በሚያልፈው ብሎኬት። ችግሩ ከሁለቱ ቁጥሮች በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለት ባላ

ኢንቴል በ1968 በሮበርት ኖይስና በጎርደን ሙር ተመሠረተ። ኤ.ኤም.ዲ ደግሞ በዓመቱ፣ በ1969፣ በጄሪ ሳንደርስና በባልደረቦቻቸው። ሁለቱም ወገኖች የወጡት ከአንድ ቤት ነው፤ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ከሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ። ኖይስና ሙር የላቦራቶሪ ሰዎች ነበሩ። ሳንደርስ ግን የሽያጭ ሰው ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

በ1971 ኢንቴል 4004 የተባለውን ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ ምቱም በሰከንድ 740 ሺህ ጊዜ ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ሜጋኸርዝ በታች ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ አይ.ቢ.ኤም የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ የመረጠው የኢንቴልን 8088 ነበር፤ በ4.77 ሜጋኸርዝ። ነገር ግን አይ.ቢ.ኤም ያን ያህል ትልቅ ዕቃ በአንድ ሻጭ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አልፈለገም። የእኛ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን አይ.ቢ.ኤምም ያውቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ኢንቴል በ1982 ከኤ.ኤም.ዲ ጋር ውል ገባ። ኤ.ኤም.ዲም የኢንቴልን ንድፍ እየወሰደ ያንኑ ፕሮሰሰር መሥራት ጀመረ።

ገበያው ሲሰፋ ኢንቴል ውሉን አልወደደውም። በ1985 ያወጣውን 386 ለኤ.ኤም.ዲ አልሰጥም አለ። ነገሩ ወደ ግልግልና ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዓመታትም ፈጀ። ኤ.ኤም.ዲ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1991 የራሱን 386 አወጣ። የኢንቴል ፈጣኑ 386 በ33 ሜጋኸርዝ ሲሄድ የኤ.ኤም.ዲው በ40 ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሁለት ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው አንድ ዓይነት ነበሩ ማለት ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ሰልፎች፣ በአንድ ጭብጨባ እኩል ብሎኬት የሚያሳልፉ። ስለዚህ 40 በእርግጥም ከ33 ይበልጥ ነበር። ገዢው ቁጥሩን አይቶ ሲመርጥ አልተሞኘም። ሰው በሜጋኸርዝ ማመን የለመደው ሜጋኸርዝ እውነት በሚናገርበት ዘመን ነው። ልማዱ ግን ዘመኑ ካለፈም በኋላ አልተወውም።

200 ያልሆነው 200

በዚያው በ1991 የአሜሪካ ፍርድ ቤት «386» የሚለው ቁጥር የአንድ ኩባንያ የንግድ ምልክት ሊሆን እንደማይችል ወሰነ። ኢንቴልም ከቁጥር ወደ ስም ዞረ። በ1993 የመጣው ፕሮሰሰር 586 መባሉ ቀርቶ ፔንቲየም ተባለ፤ ፍጥነቱም 60 እና 66 ሜጋኸርዝ ነበር። በ1991 የተጀመረው «ኢንቴል ኢንሳይድ» የሚለው ማስታወቂያም፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን የኮምፒውተር ውስጥ ዕቃ ገዢው በስሙ እንዲጠይቅ አስተማረ።

ከዚህ በኋላ ተቀናቃኞቹ መኮረጅ አቁመው የየራሳቸውን ንድፍ መሥራት ነበረባቸው። ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው። ሰልፎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸው ቀረ። ሳይሪክስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ የሠራው ፕሮሰሰር በ150 ሜጋኸርዝ እየሄደ በብዙ የቢሮ ሥራ ላይ የ200ውን ፔንቲየም ያህል ይሠራ ነበር። ይህን ለገዢ እንዴት ይንገሩት? በ1996 ሳይሪክስና ኤ.ኤም.ዲ አንድ ዘዴ ተጠቀሙ። ሜጋኸርዙን ትተው «ይህ ፕሮሰሰር ከስንቱ ፔንቲየም ጋር ይተካከላል» የሚለውን ቁጥር በስሙ ላይ ለጠፉ። የሳይሪክሱ 150 ሜጋኸርዝ «200+» ተባለ። የኤ.ኤም.ዲው 100 ሜጋኸርዝ «133» ተባለ።

ሐሳቡ ትክክል ነበር። ገበያው ግን በጥርጣሬ አየው። «200 ከሆነ ለምን 200 አይሆንም?» ይላል ገዢ፤ አይፈረድበትም። ሳይሪክስ በ1997 ተሸጠ፣ በ1999 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸጠ። ኤ.ኤም.ዲ ግን ኔክስጄን የሚባል ኩባንያ ገዝቶ በእሱ ንድፍ ላይ ኬ6ን ሠራ፤ በ1997ም በእውነተኛው ሜጋኸርዙ ሸጠው። ትምህርቱን ቀስሟል። ገዢውን ማስተማር ውድ ነው፤ ገዢው በሚያምንበት ቁጥር ማሸነፍ ይረክሳል።

የአንድ ሺህ በር

ለዚህ ድል የሚሆነው ዕቃ በ1999 ደረሰ። ቀደም ሲል በዲጂታል ኩባንያ የአልፋ ፕሮሰሰር ላይ የሠሩት መሐንዲስ ደርክ ሜየር የመሩት ቡድን አትሎንን ሠራ። በአትሎን ኤ.ኤም.ዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢንቴልን ምርጥ ዕቃ ፊት ለፊት መግጠም ቻለ። ከዚያ በኋላ ያለው የስፖርት ዘገባ ይመስላል። ኦክቶበር 1999 አትሎን 700 ሜጋኸርዝ። በዚያው ወር ፔንቲየም ሦስት 733። ኖቬምበር አትሎን 750። ዲሴምበር ፔንቲየም 800። ጃንዋሪ 2000 አትሎንም 800። ፌብሩዋሪ አትሎን 850። በአምስት ወር ስድስት ጊዜ!

የሁሉም ዓይን አንዲት ቁጥር ላይ ነበር። አንድ ሺህ ሜጋኸርዝ፣ ማለትም አንድ ጊጋኸርዝ። ከ999 በምን ትለያለች? በሥራ በምንም። ግን ዜሮ የበዛበት ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል።

ማርች 6 ቀን 2000 ሰኞ ኤ.ኤም.ዲ ቀደመ። የአንድ ጊጋኸርዝ አትሎን አወጅኩ አለ፤ ዋጋው በሺህ ለሚገዛ ኩባንያ አንዱ 1,299 ዶላር። ኮምፓክና ጌትዌይም በኮምፒውተሮቻቸው ውስጥ አስገብተው ሊሸጡት ተሰለፉ። ኢንቴል ሁለት ቀን ብቻ ታገሠ። ረቡዕ ማርች 8 የራሱን አንድ ጊጋኸርዝ ፔንቲየም ሦስት አወጣ፤ ዋጋው 990 ዶላር፣ መጠኑ ግን እጅግ ጥቂት። ለሰላሳ ዓመት የኢንቴልን ጀርባ ሲያይ የኖረ ኩባንያ በሁለት ቀን ቀደመው።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሳምንት ኤ.ኤም.ዲ «ሜጋኸርዝ ብቻውን አሳሳች ነው» አላለም። ከአራት ዓመት በፊት የሚለው ይህንን ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላም መልሶ ይለዋል። ሲመራ ግን አላለውም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ኢንቴል ሽንፈቱን መዋጥ አልቻለም። ጁላይ 31 ቀን 2000 የ1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም ሦስት አወጣ። ንድፉ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም ነበር፤ የመጨረሻዋን ጠብታ እየጨመቁት ነው። ኢንተርኔት ላይ ዕቃ እየፈተሹ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው ጉዱን ያወጡት። ከነሱ አንዱ፣ በሙያቸው ሐኪም የሆኑት ጀርመናዊው ቶማስ ፓብስት፣ ፕሮሰሰሩ የሊኑክስን ዋና ክፍል ከምንጭ ኮዱ መገንባት አቅቶት ሲወድቅ አገኙት። ሌሎችም ሞክረው ያንኑ አዩ። ኢንቴል ራሱ ከመረመረ በኋላ ኦገስት 28 ቀን ፕሮሰሰሩን ከገበያ ሰበሰበ። አንድ ወር እንኳ አልሞላውም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው። የቁጥሩ አምላኪ ኩባንያውም ገዢውም ሲሆን፣ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪም ቀረ።

ለቁጥር የተነደፈው

ኢንቴል ግን ሌላ ካርድ በእጁ ነበረው። ኖቬምበር 20 ቀን 2000 ፔንቲየም 4 በ1.4 እና በ1.5 ጊጋኸርዝ ወጣ። ፍጥነቱ ከየት መጣ? ወደ ብሎኬቱ ሰልፍ እንመለስ። ጭብጨባውን ማፍጠን ከፈለጋችሁ ቀላሉ መንገድ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሥራ ማሳነስ ነው። አሥር ሰው በቆመበት ቦታ ሃያ ሰው አቁሙ። እያንዳንዱ የሚዘረጋው ክንድ አጭር ይሆናል፤ ስለዚህ በጣም በፍጥነት ማጨብጨብ ይቻላል። በፔንቲየም ሦስት 10 የነበረው የሥራ ደረጃ በፔንቲየም 4 20 ሆነ።

ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያፋጥነው እየገመተ ነው። «ቀጥሎ የሚፈለገው ይሄ ይሆናል» ብሎ ትእዛዙን ሳያረጋግጥ ሰልፉ ውስጥ ይከተዋል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሰምራል። ሲስት ግን «የተሳሳተ ብሎኬት ነው!» ይባልና በሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ይጣላል፤ እንደገና ከመኪናው ይጀመራል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር የሚጣለው ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፔንቲየም 4 በአንዳንድ ሥራዎች ላይ ከአንድ ጊጋኸርዙ ፔንቲየም ሦስት ያነሰበት ጊዜ ነበር። የሰዓት ምቱ በግማሽ በልጦ ማለት ነው!

ኢንቴል ይህን አያውቅም ነበር? በደንብ ያውቃል። የኢንቴል መሐንዲሶች በዓለም ካሉት ምርጦች ናቸው። ስሌቱ ሌላ ነበር። ንድፉ ወደፊት እስከ 10 ጊጋኸርዝ ይሄዳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ያኔ በእያንዳንዱ ምት የጠፋው በምቱ ብዛት ይካካሳል። እስከዚያው ደግሞ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ትልቅ ነው። መሐንዲሱም ነጋዴውም በአንድ ንድፍ ደስ ተሰኙ። ኦገስት 2001 ላይ 2 ጊጋኸርዝ ደረሰ። ኖቬምበር 2002 ላይ 3.06።

ሲመሩ ዳኛ፣ ሲመሩ ከሳሽ

አሁን ተራው የኤ.ኤም.ዲ ሆነ። ኦክቶበር 2001 አዲሱን አትሎን ኤክስፒ ሲያወጣ ሜጋኸርዙን ከስሙ ላይ አነሳው። 1.53 ጊጋኸርዝ የሚሄደው ፕሮሰሰር «1800+» ተባለ። ኩባንያው ቁጥሩ ከቀድሞው አትሎን ጋር የሚያነጻጽር ነው አለ። ገዢው ግን ከየትኛው ፔንቲየም 4 ጋር እንደሚያነጻጽረው አላጣውም። የ1996ቱ ዘዴ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ግን ዕቃው ጥሩ ስለነበር ተሳካ።

አፕልም ዝም አላለም። ጁላይ 2001 ስቲቭ ጆብስ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ወጥተው፣ የ867 ሜጋኸርዙ የአፕል ኮምፒውተር የ1.7 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 በፎቶሾፕ ሥራ ሲቀድም አሳዩ። «የሜጋኸርዝ ተረት» የሚል ስምም ሰጡት። ትክክል ነበሩ፤ ምንም እንኳ የሚፎካከሩበትን ሥራ የመረጡት ራሳቸው ቢሆኑም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ አፕል 2 ጊጋኸርዝ የሚደርስ አዲስ ፕሮሰሰር ሲያገኝ እኚሁ ሰው ምን ቃል ገቡ መሰላችሁ? በዓመት ውስጥ 3 ጊጋኸርዝ! ተረት ያሉት ቁጥር ወደሳቸው ሲመጣ ታሪክ ሆነ። 3ቱ ግን አልመጣም።

እንግዲህ የዚህ ሩጫ ሕግ ይህ ነው። ቁጥሩ የሚመራው ኩባንያ «ቁጥሩን ተመልከቱ» ይላል። የሚመራበት ኩባንያ «ቁጥሩ ያሳስታል» ይላል። ቦታ ሲቀያየሩ ንግግሩንም ይቀያየራሉ። ሁለቱም እንደየወቅቱ እውነት ተናግረዋል፤ አንዳቸውም ግን እውነቱን በማይጠቅማቸው ቀን አልተናገሩትም።

ሙቀቱ

ሩጫውን ያስቆመው ተፎካካሪ አይደለም፤ ገዢም አይደለም። ሙቀት ነው።

በ1974 የአይ.ቢ.ኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቻቸው አንድ ድንቅ ነገር አሳይተው ነበር። ትራንዚስተርን ስታሳንሱት ቮልቴጁንም አብራችሁ መቀነስ ትችላላችሁ። ስለዚህ በአንድ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ትራንዚስተር ብትጨምሩም፣ ምቱን ብታፈጥኑም፣ የቦታው ሙቀት አይጨምርም። ለሰላሳ ዓመት ያህል ጊጋኸርዝ በነጻ የሚመስል የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ትራንዚስተሩ እጅግ ሲያንስ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ እያለም ማፍሰስ ጀመረ፤ እንደማይዘጋ ቧንቧ። ቮልቴጁን ከዚያ በላይ መቀነስ አስቸጋሪ ሆነ። ቮልቴጁ ካልቀነሰ ደግሞ ፍጥነት የሚጨምረው ሁሉ ሙቀት ይሆናል።

ማስጠንቀቂያው አልጠፋም። በፌብሩዋሪ 2001 የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ፣ ነገሩ በዚያው ከቀጠለ ፕሮሰሰር በስፋቱ ልክ ሲለካ እንደ ኒውክሌር ማብላያ፣ ቀጥሎ እንደ ሮኬት አፍ፣ ከዚያም እንደ ፀሐይ ገጽ ይሞቃል ብለው ነበር። ይህን ያሉት ፔንቲየም 4 በወጣ በሦስተኛው ወር ነው።

በፌብሩዋሪ 2004 ፕሬስኮት የተባለው አዲሱ ፔንቲየም 4 ወጣ። ትራንዚስተሩ 125 ሚሊዮን፣ የሥራ ደረጃው ከ20 ወደ 31። በዚያው ጊጋኸርዝ ከቀደመው ወንድሙ በብዙ ሥራዎች ላይ ይዘገይ ነበር፤ በዚያ ላይ የበለጠ ይሞቃል። እስከ 100 ዋትና ከዚያም በላይ ይበላል። በሰው ቋንቋ ስንናገር፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ የአንድ ትልቅ አምፖል ሙቀት ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም በፍጥነት ፈረሰ። ሜይ 2004 ኢንቴል የፕሬስኮትን ተተኪ ሥራ ሰረዘ። በዚያው ዓመት ጊጋኸርዝን ከፕሮሰሰሮቹ ስም አንስቶ እንደ «560» ያሉ የሞዴል ቁጥሮች መጠቀም ጀመረ። ሲስቅበት የኖረውን የተቀናቃኙን ዘዴ! ኦክቶበር 14 ደግሞ ቃል የተገባው የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 እንደማይመጣ አስታወቀ። በዚያው ወር የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት ኦርላንዶ ከተማ በተደረገ ትልቅ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ መድረኩ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ለቀልድ ነው ያደረጉት። ሳቁ ግን ለቁጥሩ የቀብር ሥነ ሥርዓት ነበር። ፔንቲየም 4 በ3.8 ጊጋኸርዝ ቆመ።

ድር ቢያብር

ታዲያ መውጫው ከየት መጣ? ከዚያው ከኢንቴል ቤት፣ ግን ከማዕከሉ ርቆ ካለ ቡድን። በእስራኤል ሃይፋ የሚገኙት የኢንቴል መሐንዲሶች የተሰጣቸው ሥራ ለላፕቶፕ የሚሆን ፕሮሰሰር መሥራት ነበር። ላፕቶፕ ባትሪ ነው ያለው፤ ሙቀትም አይችልም። ስለዚህ ከቁጥሩ ሩጫ ውጭ ሆነው በእያንዳንዱ ምት ብዙ መሥራትን መረጡ። በ2003 የወጣው ፔንቲየም ኤም የእነሱ ነው። በእሱ መንገድ የመጣው ኮር 2 ዱዎ በጁላይ 2006 ሲወጣ፣ አንደኛው ሞዴል በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ እየሄደ እጅግ የሚፈጥኑትን ፔንቲየሞች አስከተላቸው፤ የሚበላውም 65 ዋት ነበር። ከኋላ ቀርቷል የተባለው ሰልፍ ቀስ እያለ አጨብጭቦ ግድግዳውን ቀድሞ ጨረሰ።

ሌላው ለውጥ ከአንድ ሰልፍ ወደ ብዙ ሰልፍ መሄድ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? በ2005 ኢንቴልም ኤ.ኤም.ዲም በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት ኮር አስገብተው መሸጥ ጀመሩ። ይህ ግን ለፕሮግራመሮች መርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ኸርብ ሰተር የተባሉ ባለሙያ በጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ የነጻው ምሳ አበቃ አሏቸው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ ቢዘገይ አዲሱ ፕሮሰሰር ያፈጥነው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ለብዙ ሰልፍ የሚያከፋፍል ፕሮግራም መጻፍ የግድ ሆነ።

ምን ተረፈን?

ሒሳቡን እንሥራ። ከ1993 እስከ 2002፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ቁጥሩ ከ66 ሜጋኸርዝ ወደ 3.06 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም 46 እጥፍ ሆነ። በ2024 ኢንቴል ያወጣው ፈጣኑ የግል ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ደግሞ 6.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ከ2004ቱ 3.8 ጋር ስናነጻጽረው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ እጥፍ እንኳ አልሆነም። ኮምፒውተሮቻችን ግን ከዚያን ጊዜዎቹ ጋር አይወዳደሩም። ቁጥሩ ቆሞ ሥራው ሄደ። ቁጥሩ ሥራው አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሩጫው ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም። ሁለት ኩባንያዎች ባይናነቁ ኖሮ ኮምፒውተር ያን ያህል በፍጥነት አይረክስም ነበር፤ ያም ለሁላችን ደርሶናል። ግን ሒሳቡን የከፈለ ሰው አለ። በመጀመሪያው ዓመት ፔንቲየም 4 የገዙ አሜሪካውያን፣ ፕሮሰሰሩ ከእውነቱ በላይ ፈጣን መስሎ እንዲታይ የመለኪያ ፕሮግራሞች ተስተካክለዋል ብለው ኢንቴልን ከሰሱ። ኢንቴል ጥፋቱን ሳያምን በ2014 በስምምነት ጨረሰው። ለእያንዳንዱ ገዢ የደረሰው 15 ዶላር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ተጠብቆ!

ሱሱም ጨርሶ አልለቀቀም። በ2024 የኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች መውደቅ ሲጀምሩ፣ ኩባንያው ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው እንደቆየ አምኖ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ያው የ2000 ዓ.ም. ጠባይ፣ በአዲስ ልብስ።

ዛሬ ካርቶኑ ላይ ጊጋኸርዝ ደመቅ ብሎ አይጻፍም። ሜጋፒክስል ይጻፋል፣ የኮር ብዛት ይጻፋል፣ ናኖሜትር ይጻፋል። እያንዳንዱ ቁጥር የሆነ ጊዜ እውነት ተናግሯል፤ አንድ ዓይነት ነገሮችን ሲያነጻጽር። እኛም ቁጥር መጠየቅ አንተውም፤ ሌላ መንገድ የለንም። ግን ሻጩ ቁጥሩን ሲነግረን አንዲት ጥያቄ እንጨምር። «ከዚህ ቁጥር ጋር የሚባዛውስ ሌላው ስንት ነው?» መልስ ካላገኘን፣ የተነገረን የጭብጨባው ፍጥነት ብቻ ነው ማለት ነው። ብሎኬቱን ገና አላየነውም።